በዱቄት ውስጥ ስለምትኖረው ስለ አመድማዋ የእሳት እራት

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ እስካሁን ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ጓዳ አያያዝና ስለ ልብስ አጠባበቅ ስንጽፍ ቆይተናል። ዛሬ ግን ክንፏን አጥፋ በተቀመጠች ጊዜ ርዝመቷ ሁለት የስንዴ ቅንጣት ተቀጣጥሎ ከሚያህለው የማይበልጥ ስለ ሆነች አንዲት ፍጥረት ለመጻፍ አስበናል። እንዲህ ያለችው ኢምንት ነገር ለጋዜጣ ዓምድ ትበቃለችን? የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም፤ እኛም ራሳችን፥ በቤታችን የደረሰው ነገር ባይደርስ ኖሮ፥ እንዲሁ ባልን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክረምቱ እንደ ገባ ማታ ማታ መብራት ሲበራ አመድ የመሰሉ ትናንሽ የእሳት እራቶች በመብራቱ ዙሪያ ይዞሩ ጀመር። እኛም ብል ናቸው ብለን ስለ ቁም ሣጥኑ ተጨነቅን። ከአያቶቻችን የወረስነው አንድ የመንዝ በርኖስ ነበረንና፥ እርሱ እንዳይበላ ፈርተን ቁም ሣጥኑን ሁሉ በናፍታሌን ሞላነው፤ ማታም የተጣጠፈ ጋዜጣ ይዘን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተከተልን እንገድላቸው ነበር። (ጋዜጣው ይኸው የምታነቡት እንደ ነበረ አንሸሽግም።) ወር ሙሉ እንዲህ ስናደርግ ሰነበትን፤ የእሳት እራቶቹ ግን እየበዙ እንጂ እያነሱ አልሄዱም፤ በርኖሱም አንዲት ቀዳዳ እንኳ አልወጣችበትም።

ከዚህ በኋላ ለበዓል ዳቦ ሊደፋ የፉርኖ ዱቄት ከረጢት ተከፈተ። ዱቄቱ እንደ ዱቄት አልፈሰሰም፤ ድር አድርቶበት፥ እርስ በርሱ ተያይዞ፥ እንደ ባዘቶ ተንጠልጥሎ ወጣ። በውስጡም ራሳቸው ቡናማ የሆነ ነጫጭ ትሎች ይርመሰመሱ ነበር። እኛም ነገሩን ሳንመረምር፥ ከሃያ ዓመት በላይ በቤታችን የኖረችውን የጓዳችንን ኃላፊ ጠርተን፥ ስለ ንጽሕና ጉድለት በእንግዶች ፊት ገሠጽናት። እርሷም ነጠላዋን አስተካክላ፥ «ጌታዬ፥ እኔ የነፋሁት ዱቄት በጣሳው ውስጥ ነው፤ ይኸ ግን እንዳይባክን አሮጌውን በአዲሱ ላይ ገልብጪው የተባልሁት ነው» ብላ ወጣች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ገልብጪው ያለው ማን እንደ ነበረ እኛ እናውቃለን፤ እንግዶቹም በፊታችን ላይ ሳያነቡት አልቀሩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህች ፍጥረት ማን እንደ ሆነች፥ ከየትኛው ወገን እንደምትቆጠርና እንዴት ያለ ኑሮ እንደምትኖር ከመጻሕፍት ለማወቅ ጣርን። ያገኘነውም ከጠበቅነው ይልቅ የበዛ ስለ ሆነ ለአንባቢዎቻችን እናካፍላለን። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ስም እንናገር። በቋንቋችን የእነዚህ ትናንሽ ፍጥረቶች ስም የተከፈለው በሥራቸው ነው። ወደ መብራት በርሮ ራሱን የሚያቃጥለውን የእሳት እራት፥ ልብስ የሚበላውን ብል፥ እህል የሚበላውን ደግሞ ነቀዝ እንላለን። ይህ አከፋፈል ለመናገር ይመቻል፤ ስሙም ከነጥፋቱ ስለ ተነገረ ሰሚው ወዲያው ይረዳዋል። ነገር ግን በከረጢታችን ውስጥ የተገኘችው ፍጥረት በሦስቱም ስሞች ላይ እግሯን አንሥታ የቆመች ናት። ማታ ስትበር የእሳት እራት ናት፤ መልኳን ያየ ብል ይላታል፤ ዱቄቱ በተበላሸ ጊዜ ደግሞ ነቀዝ ገባበት ይባላል። እኛም የተሳሳትነው በዚሁ ነው፤ መልኳን አይተን የብልን ጥፋት ጫንባት፥ ጥፋቷን ባየን ጊዜ ደግሞ ከመብራቱ ጋር አላገናኘናትም።

እውነተኛው ነቀዝ ጠንካራ ልብስ የለበሰ፥ አፉ እንደ ኩምቢ ወደ ፊት የሾለ ትንሽ ጥንዚዛ ነው፤ ድርም አያደራም። ብል የምንለው ደግሞ ከአንድ የበለጠ ዐይነት አለው፤ በቤት ውስጥ የታወቁት ሁለቱ ናቸው። አንዱ ክንፉ እንደ ደረቅ ገለባ ወርቅማ ነው፤ ሌላው ወደ ቡናማ የሚያደላ ግራጫ ሆኖ፥ ትሉ ከሱፍ ፍቅፋቂ የተሠራች ትንሽ ከረጢት ለብሶ ከነከረጢቱ የሚሄድ ነው። ሁለቱም የሚመገቡት ከእንስሳ አካል የወጣውን፥ ይኸውም ሱፍን፥ ጠጉርንና ላባን ነው። እንግዲህ ለበርኖስ መፍራት ተገቢ ነው፤ ንጹሕ ሆኖ ለተቀመጠ የጥጥ ኩታና ጋቢ ግን ብል እምብዛም አያሰጋም፤ ላብ ወይም ወጥ የነካውን ግን ይቀምሰዋል። ይህን ያወቅነው ናፍታሌኑን ሁሉ ከጨረስን በኋላ መሆኑ ያሳዝናል።

አሁን ወደ አመድማዋ እንመለስ። ክንፏ ተዘርግቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢለካ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የፊት ክንፎቿ ጠበብና ረዘም ያሉ፥ መልካቸው እርሳስ ማዕድን የመሰለ አመድማ ናቸው፤ በላያቸውም ጥቋቁር መስመሮች እንደ ጥልፍ ተጠማዝዘው ከዳር እስከ ዳር ያቋርጧቸዋል፤ በክንፉ ጫፍ ላይ ደግሞ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ተሰልፈዋል። የኋላ ክንፎቿ ግን የደበዘዘ ነጭ ናቸው፥ የሚታዩትም በምትበርበት ጊዜ ነው። ስትቀመጥ ክንፎቿን እንደ ቤት ጣሪያ ግራና ቀኝ አዘቅዝቃ ትከድናለች፤ ሁለቱን ክር የመሰሉ ቀንዶቿንም ወደ ጀርባዋ ታስተኛለች። ከሁሉ ይልቅ የምትለይበት ግን አቀማመጧ ነው፤ በፊት እግሮቿ ደረቷን ከፍ አድርጋ ስለምትቀመጥ፥ ራሷ ወደ ላይ ቀና ያለ ጅራቷ ወደ ታች ያለ ሆኖ ይታያል። በመብራት ዙሪያ ሳይሆን በግድግዳ ላይ ጸጥ ብላ ሳለች ያያት ሰው ይህን ምልክት በቀላሉ ይይዛል።

ኑሮዋም የሚያስደንቅ ነው። እናቲቱ እንቁላሏን በዱቄት ውስጥ ወይም በከረጢት ስፌት መካከል ትጥላለች፤ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ 200 ወይም 300 ይደርሳል፤ እያንዳንዱም ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ቤቱ ሞቃት ከሆነ ከጥቂት ቀን በኋላ ትሎች ይወጣሉ። ትሉ ከወጣ ጀምሮ እስኪያድግ ድረስ ከአፉ ሐር እየፈተለ ይሄዳል፤ ዱቄቱን በሐር ጠቅልሎ ዋሻ ይሠራና በዚያ ውስጥ ሆኖ ይበላል። አድጎ ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር በሆነ ጊዜ ዱቄቱን ትቶ ይወጣል፤ በግድግዳና በመደርደሪያ ላይ እየተንከራተተ ጥግ ይፈልጋል፤ ባገኘውም ስንጥቅ ውስጥ የሐር ጎጆውን ቀልሶ ይተኛል። ከዚያ ክንፍ አውጥቶ ይነሣል። ከእንቁላል እስከ ክንፍ ያለው ጊዜ በሞቃት ቤት ወደ ሁለት ወር ገደማ ነው፤ ብርድ ያዘገየዋል።

ክንፍ ካወጣች በኋላ አትበላም። ዕድሜዋም ከዚያ ወዲያ ከሁለት ሳምንት እምብዛም አይዘልቅም፤ ሥራዋ መጋባትና እንቁላል መጣል ብቻ ነው። እንግዲህ እኛ በጋዜጣ ስናሳድዳት የነበረችው፥ ያን ጊዜ ምንም የማትበላ፥ ሥራዋን ፈጽማ ልትሞት የተቃረበች ፍጥረት ነበረች። የሚበላው ልጅዋ በከረጢቱ ውስጥ ጸጥ ብሎ ተቀምጦ ነበር። ከአንዲት እናት ከሚወጡት 200 ልጆች ግማሹ ሴት ቢሆንና ሁሉም ቢያድጉ፥ በሁለተኛው ትውልድ 20,000 እንቁላል ይጣላል። ብዙዎቹ በመንገድ እንደሚጠፉ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩ በሩብ ቢቀንስም እንኳ አሮጌውን በአዲሱ ላይ መገልበጥ ምን እንደሚያመጣ ለማስተዋል ይበቃል።

ይህችን ፍጥረት ለይቶ ስም ያወጣላት ማን ነው? በጀርመን አገር ሃሌ በምትባል ከተማ ዩልዩስ ኩን የተባሉ የእርሻ ትምህርት ፕሮፌሰር ነበሩ። በ1877 ዓ.ም. ገደማ በዱቄት ውስጥ ያገኙትን የእሳት እራት የሚያውቀው ሰው ጠፋ። የትናንሽ የእሳት እራቶችን ነገር በማወቅ በአውሮፓ ሁሉ ስማቸው የተጠራ፥ በሙያቸው ግን የትምህርት ቤት መምህር የነበሩ ፊሊፕ ክሪስቶፍ ጼለር የሚባሉ አዛውንት መረመሯት፤ እስከዚያ ቀን ያልተጻፈች አዲስ ዐይነት እንደ ሆነችም አረጋግጠው በ1879 ዓ.ም. መልኳን ጽፈው አወጡ። ስሟንም በፕሮፌሰሩ ስም ኤፌስቲያ ኩኒዬላ አሏት። በእኛ አገር የአንድን ትልቅ ሰው ስም ለዱቄት ተባይ የሚሰጥ ቢገኝ ነገሩ ወደ ዳኛ ሳይደርስ አይቀርም፤ በእነርሱ ዘንድ ግን ይህ እንደ ክብር ይቆጠራል።

አዲስ ናት መባሏ ከዚያ በፊት አልተፈጠረችም ማለት አይደለም። ነገር ግን በዚያ ዘመን የወፍጮው ሥራ ተለውጦ ነበር። ድንጋዩ ቀርቶ በብረት ጥቅልል የሚፈጭ፥ ዱቄቱ ከፎቅ ወደ ፎቅ በቧንቧ የሚወርድበትና የሚወጣበት፥ ክረምት ከበጋ የሚሞቅ ትልቅ ፋብሪካ ተተካ። ለትሏ ከዚህ የተመቸ ቤት አልነበረም። ቧንቧውን በሐሯ ትደፍነዋለች፤ ወንፊቱን ታለብሰዋለች፤ ድሩ ሲወፍር መኪናው ይቆማል። በ1889 ዓ.ም. በካናዳ፥ በ1892 ዓ.ም. ደግሞ በካሊፎርኒያ ወፍጮዎች ውስጥ ተገኝታ ባለ ወፍጮዎችን ሁሉ አስጨነቀች። ስለ አገሯም ክርክር ተነሣ፤ አሜሪካኖች የሜዲቴራኒያን የዱቄት እራት ብለው ሲጠሯት፥ ጀርመኖች ግን ያለ አገር ስም የዱቄት እራት ብቻ ብለው ተዉት። ተባይ ሲሆን አገሬ ነው የሚል አይገኝም። አሁንስ ዱቄት በሚጓዝበት ሁሉ አብራ ስለምትጓዝ አገሯ የት ነው ማለት ብዙ አይጠቅምም።

ስለ ትውልድ ቆጠራዋም ጥቂት እንበል፤ አንባቢዎቻችን ትውልድ መቁጠር ስለሚያውቁ አይከብዳቸውም። እኛ ጋብቻ በታሰበ ጊዜ እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። የፍጥረትን ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንትም ዋና ዋናዎቹ ደረጃዎቻቸው ሰባት ናቸው። ለእንስሳት ሁሉ በሁለት ቃል ስም የመስጠቱ ሥርዓት መነሻው ካርል ሊኔ የተባለው የስዊድን ሊቅ በ1758 ዓ.ም. ያሳተመው መጽሐፍ ነው፤ ሰባቱ ደረጃዎች የተሟሉት ግን ከእርሱ በኋላ በመጡት ነው። አመድማዋን ከላይ ወደ ታች ብንቆጥራት፥ መጀመሪያ ከእንስሳ ወገን ናት፤ ቀጥሎ እግራቸው በመገጣጠሚያ ከተከፋፈለው፥ ከሸረሪትና ከሸርጣን ጋር ትቆጠራለች፤ በሦስተኛው ስድስት እግር ካላቸው ከነፍሳት ናት። በአራተኛው ቤት ሌፒዶፕቴራ ይሏታል፤ የግሪክ ቃል ሆኖ ክንፈ ቅርፊት ማለት ነው። የቢራቢሮን ክንፍ የነካ ልጅ በጣቱ ላይ የሚቀርበት ትቢያ የመሰለ ነገር፥ በአጉሊ መነጽር ሲታይ እንደ ቤት ክዳን ተደራርቦ የተነጠፈ ቅርፊት ነው። በዚህ ቤት ውስጥ ቢራቢሮዎች ሁሉና የሐር ትል እናትም አሉ፤ ስም የወጣላቸው ዐይነቶች ወደ 160,000 ይደርሳሉ።

አምስተኛው ቤት ፒራሊዴ ይባላል፤ በዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን። ቃሉ የመጣው ፒር ከሚለው የግሪክ ስም ነው፤ እሳት ማለት ነው። ፕሊኒዮስ የተባለው የሮማ ጸሐፊ በመጀመሪያው መቶ ዘመን በጻፈው መጽሐፍ፥ በቆጵሮስ ደሴት መዳብ በሚቀለጥበት እቶን ውስጥ ፒራሊስ የሚባል ክንፍ ያለው ፍጥረት ይኖራል፥ ከእሳቱም ርቆ ቢበር ይሞታል ብሎ ተናግሯል። እንዲህ ያለ ፍጥረት እንደሌለ የታወቀ ነው፤ ሊኔ ግን ስሙን ወስዶ ለአንድ የእሳት እራት ወገን ሰጠው። አባቶቻችንና የሮማው ጸሐፊ ሳይተዋወቁ ሁለቱም ይህን ፍጥረት ከእሳት ጋር አስተሳሰሩት፤ እርሱ በእሳት የሚኖር አደረገው፥ አባቶቻችን ግን ለእሳት እራት የሚሆን አሉት። የማን ዐይን የበለጠ እንዳየ ለመፍረድ መብራት አጠገብ አንዲት ምሽት መቀመጥ ይበቃል።

ስድስተኛው ቤት ኤፌስቲያ ነው፤ ሰባተኛው ራሷ ኩኒዬላ ናት። እኛ የራሳችንን ስም አስቀድመን የአባታችንን እናስከትላለን፤ እነርሱ ግን የቤቱን ስም አስቀድመው የራሷን ያስከትላሉ። የቤቱ ስም አንዳንድ ጊዜ ይለወጣል። በ1956 ዓ.ም. ሃይንሪክ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ የእነዚህን ወገኖች አካል መርምሮ ለእርሷ አናጋስታ የሚል አዲስ የቤት ስም አወጣላት፤ ለብዙ ዓመታትም በአሜሪካ መጻሕፍት በዚህ ስም ተጻፈች፤ ኋላ ግን ወደ ቀድሞው ቤቷ ተመለሰች። ስለዚህ በአንድ መጽሐፍ አናጋስታ ኩኒዬላ፥ በሌላው ኤፌስቲያ ኩኒዬላ ተብሎ ቢገኝ ፍጥረቷ አንዲት ናት፤ የተለወጠው ቤቱ እንጂ የራሷ ስም አይደለም።

የቅርብ ዘመዶቿም በጓዳ የታወቁ ናቸው። አንዷ በካካዎና በትንባሆ፥ አንዷ በለውዝና በደረቅ ፍሬ ትኖራለች፤ ሁለቱም አመድማ ስለ ሆኑ ከእርሷ ጋር ይመሳሰላሉ። በቆሎና ሌላም ብዙ ነገር የምትበላው፥ የሕንድ የዱቄት እራት የምትባለው ግን በቀላሉ ትለያለች፤ የክንፏ እኩሌታ ፈዛዛ ግራጫ፥ የቀረው የመዳብ መልክ ያለው ነውና። አመድማዎቹን እርስ በርስ ለመለየት የክንፋቸው መልክ አይበቃም። በረራ የበዛባት እራት ቅርፊቷ ይረግፋል፤ ጥልፏም ይጠፋል። ስለዚህ ሊቃውንቱ የወንዱንና የሴቷን የመዋለጃ አካል በማይክሮስኮፕ ይመረምራሉ፤ ያ ከዐይነት ወደ ዐይነት ይለያያልና አያስትም። ለእመቤቲቱ ግን ይህን ያህል መድከም አያስፈልጋትም፤ ዱቄቱ ድር አድርቶበት እንደ ሆነ ከእነዚህ ከአንዷ ጋር እንደ ተገናኘች ታውቃለች፥ መድኃኒቱም አንድ ነው።

ወደ መድኃኒቱ ከመድረሳችን በፊት ሌላም አስደናቂ ነገር እንጨምር። በ1911 ዓ.ም. ኧርንስት በርሊነር የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ፥ ቱሪንጊያ ከሚባለው አውራጃ ወፍጮ የመጡ የእነዚህ ትሎች ሬሳ ደረሰው። ትሎቹ በምን እንደ ሞቱ ሲመረምር በሰውነታቸው ውስጥ አንድ ባክቴሪያ አገኘ፤ በ1915 ዓ.ም. ስሙን ከአውራጃው ወስዶ ባሲሉስ ቱሪንጊየንሲስ አለው። ይህ ባክቴሪያ የብዙ ዐይነት ትሎችን አንጀት የሚያበላሽ ነገር ይሠራል፤ ሰውንና ከብትን ግን እንዲህ አይጎዳም። በ1938 ዓ.ም. በፈረንሣይ አገር ለሽያጭ ቀረበ፤ ዛሬም ገበሬዎች በሰብል ላይ ይረጩታል። ከዚህም አልፎ ሊቃውንት መርዙን የሚያሠራውን የዘር ኃይል ከባክቴሪያው አውጥተው በጥጥና በበቆሎ ዘር ውስጥ አኖሩት፤ ኢትዮጵያም በ2018 ዓ.ም. እንዲህ ያለው ጥጥ እንዲዘራ ፈቀደች። ነገሩ ከሚያከራክሩት አንዱ ነውና እኛ በዚህ ገጽ አንፈርድም፤ መነሻው ግን በአንድ ወፍጮ ቤት የታመሙ የአመድማዋ ልጆች መሆናቸውን ብዙ ሰው አያውቅም።

በ1930ዎቹ ደግሞ በጎቲንገን ከተማ አልፍሬድ ኩን የተባሉ ሌላ ፕሮፌሰር ይህችኑ እራት ለዘር ውርስ ምርመራ ያረቧት ነበር። (ስማቸው ከሃሌው ፕሮፌሰር ጋር መግጠሙ እንዲያው በአጋጣሚ ነው።) የአመድማዋ ዐይን ጥቁር ነው፤ ከመካከላቸው ግን ዐይናቸው ቀይ የሆነ ተገኙ። ኧርንስት ካስፓሪ የተባለ ደቀ መዝሙራቸው በ1933 ዓ.ም. ከጥቁር ዐይኑ ትል ጥቂት ሥጋ ወስዶ በቀይ ዐይኑ ትል ውስጥ ቢተክል፥ ትሉ አድጎ ዐይኑ ጠቆረ። ከዚህ የተነሣ የዘር ውርስ ኃይል የሚሠራው በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወር ንጥረ ነገር እያሠራ መሆኑን ተረዱ፤ ንጥረ ነገሩም ምን እንደ ሆነ በ1940 ዓ.ም. ተለየ። ዛሬም በአውሮፓ ለተባይ ጠላት የሚሆኑ ጥቃቅን ተርቦችን ለማርባት ሲሉ፥ እንቁላሏን ለተርቦቹ መኖ እንዲሆን ሆን ብለው የሚያረቧት አሉ።

አሁን ስለ ጓዳው። የተበላሸው ከረጢት ከቤት ይውጣ፤ በጓሮ ማፍሰስ ግን አይበቃም፥ ይቀበር ወይም ለዶሮ ይሰጥ። ከዚያ በኋላ ዋናው ሥራ ከረጢቱ የነበረበት ስፍራ ነው። ትሉ ለመተኛት ዱቄቱን ትቶ እንደሚወጣ ተናግረናል፤ ስለዚህ የመደርደሪያው ስንጥቅ፥ የሣጥኑ ማዕዘን፥ የጣሳው ክዳን ሥር፥ የጣሪያው ጥግ ሳይቀር በቡሩሽ ይጠረግ፥ በሙቅ ውሃም ይታጠብ። ይህን የዘለለች እመቤት ከሁለት ወር በኋላ ሥራውን ከመጀመሪያው ትጀምረዋለች። አዲስ ዱቄት በመጣ ጊዜ በጠባብ ወንፊት ተነፍቶ፥ ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ወይም ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ፤ ወረቀትንና ስስ ላስቲክን ትሉ ቀዶ ሊገባ ይችላልና አንመናቸው። አሮጌው ሳያልቅ አዲሱ አይገልበጥበት፤ ዕቃውም ታጥቦ ደርቆ ይሞላ።

የሚጠረጠር ነገር ግን ያልተበላሸ ዱቄት ቢኖር በሙቀት ወይም በብርድ ይድናል። በአሜሪካ በካንሳስ ግዛት ከ1910 ዓ.ም. ወዲህ ወፍጮ ቤቱን በሞላ ወደ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቀው ትሉን ከነእንቁላሉ ይፈጁት ነበር፤ በቤትም ዱቄቱን በትሪ ላይ ሳስቶ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ባለ ምድጃ ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ማቆየት ይበቃል። በረዶ ቤት ያለው ማቀዝቀዣ ያላቸው ደግሞ ዱቄቱን በትንንሹ ጠቅልለው ለአንድ ሳምንት በበረዶው ክፍል ያኑሩት። ናፍታሌንም ሆነ የተባይ መርዝ በምግብ አጠገብ ማኖር ፈጽሞ አይገባም፤ የናፍታሌን ቦታ የተዘጋ ሣጥን ነው፥ እርሱም ለበርኖስ ነው።

በሱቅ የሚሸጥ ሙጫ የተቀባ ወጥመድም አለ። ሴቲቱ ወንዱን የምትጠራበትን ሽታ የያዘ ነው። የሕንዷና የለውዟ እራት ሽታ ምን እንደ ሆነ በ1971 ዓ.ም. ኬሚስቶች ገለጡ፤ የአመድማዋም ዋና ሽታ ያው ስለ ሆነ አንዱ ወጥመድ ለሁሉም ይሠራል። ነገር ግን የሚይዘው ወንዶቹን ብቻ ነው፤ እንቁላል ጣይቱ በነጻ ትበራለች። ስለዚህ ወጥመዱ ተባዩ በቤት መኖር አለመኖሩን ለማወቅ እንጂ ቤቱን ለማጽዳት አይበቃም። እኛ አንዱን ገዝተን በጓዳ ሰቀልነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ አንድ፥ በሁለተኛው አራት ያዘ፤ ከመደርደሪያው ሥር የተረሳ አንድ ትንሽ የበሶ ከረጢት ተገኝቶ ከተጣለ በኋላ ደግሞ ምንም አልያዘም።

ከዚህ በኋላ እነዚያኑ እንግዶች ለእሑድ ምሳ ጠራን። ማዕዱ እንደ ቀረበ የጓዳችንን ኃላፊ አስጠራናትና፥ ባለፈው በፊታቸው ስለ ዱቄቱ የገሠጽናት ያለ ጥፋቷ እንደ ነበረ፥ አሮጌውን ያስገለበጥነውም እኛ እንደ ሆንን በእነርሱ ፊት ነገርናት። እርሷም እጅ ነሥታ ዝም ብላ ጥቂት ከቆመች በኋላ፥ «እግዜር ይስጥልኝ፥ ጌታዬ፤ ዳቦው ግን ያርርብኛል» ብላ ወደ ጓዳ ተመለሰች።